ላስ ቬጋስ ውስጥ «ነጻ» ምግብ ስንት ያስወጣል? ስትሪፕ፣ ዳውንታውን እና የሰፈር ካሲኖ ለመደበኛ ተጫዋች ሲነጻጸሩ

በ1959 ጎልደን ጌት የሚባለው የላስ ቬጋስ ካሲኖ አንድ ብርጭቆ ሽሪምፕ በ50 ሳንቲም መሸጥ ጀመረ። ዋጋው 99 ሳንቲም የደረሰው በ1991 ነው፤ በ2017 ደግሞ መሸጫው ራሱ ተዘጋ። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1940ዎቹ፣ ኤል ራንቾ ቬጋስ በአንድ ዶላር እስኪጠግቡ የሚበላበት ቡፌ ነበረው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ሁለቱም ቤቶች ከምግቡ ትርፍ አልጠበቁም። በላተኛው ወደ ምግቡ የሚደርሰው በማሽኖቹና በጠረጴዛዎቹ መካከል አልፎ ስለሆነ የወጥ ቤቱን ኪሳራ ቁማሩ ይሸፍነው ነበር። ምግቡ ማጥመጃ ነበር፤ ርካሽ መሆኑም ለዚሁ ነው።

ዛሬ ያ ሒሳብ ተገልብጧል። በ1992 መጨረሻ ቮልፍጋንግ ፑክ በሲዛርስ ፓላስ የገበያ አዳራሽ ስፓጎን ሲከፍት፣ ቬጋስ የሚመጣ ሰው ለምግቡ ብቻ ብሎም ውድ ዋጋ እንደሚከፍል ታየ። ሌሎች ስመ ጥር ሼፎች ተከተሉ። በ1990 አካባቢ የስትሪፕ (ትልልቆቹ ካሲኖዎች የተደረደሩበት ዋና ጎዳና) ትልልቅ ሆቴሎች ከገቢያቸው ከግማሽ በላዩን የሚያገኙት ከቁማር ነበር፤ አሁን ሲሶ ያህል ወይም ከዚያ በታች ነው። ስለዚህ ወጥ ቤቱም፣ መኝታውም፣ መኪና ማቆሚያውም እያንዳንዱ የየራሱን ትርፍ እንዲያሳይ ይጠየቃል። በማርች 2020 በወረርሽኙ የተዘጉት ቡፌዎች ብዙዎቹ ሳይከፈቱ የቀሩት በጤና ስጋት ብቻ አይደለም። ድሮም ገንዘብ የሚበሉ ክፍሎች ነበሩና መዘጋቱ ለባለቤቶቹ ምቹ አጋጣሚ ሆነላቸው።

በወር ሁለት ሦስት ጊዜ የሚጫወት ሰው ታዲያ የቱን ይምረጥ? መልሱ ከምግብ ዝርዝሩ አይጀምርም። የሚጀምረው ቤቱ «ነጻ» የሚለውን ሳህን ከምን እንደሚቆርጠው ከማወቅ ነው።

ፖይንትና ኮምፕ ለየብቻ ይታዩ

ካሲኖ ለተጫዋቹ የሚመልሰው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ካርድ ላይ የሚጠራቀመው ፖይንት ሲሆን የሚቆጠረው ከተወራረዱት ድምር ነው። ሌላው ሆስቱ (ደንበኛ የሚያስተናግደው የካሲኖው ሠራተኛ) ወይም ኮምፒውተሩ አስልቶ የሚሰጠው ኮምፕ ነው፤ እራት፣ ነጻ አልጋ፣ የነጻ ጨዋታ ገንዘብ። ኮምፑ የሚወጣው ቤቱ ከእርስዎ አገኛለሁ ብሎ ከሚጠብቀው ገንዘብ ነው፤ በቤቱ ሰዎች አነጋገር «ቲኦ» ይባላል። አወጣጡ አራት ነገር ማባዛት ነው፦ አማካይ ውርርድ፣ በሰዓት የሚጫወቱት ብዛት፣ የተቀመጡበት ሰዓት፣ እና የቤቱ ብልጫ በመቶኛ፣ ማለትም ከውርርዱ በአማካይ ለቤቱ የሚቀረው። ያን ቀን አሸንፈው ቢወጡም ከስረው ቢወጡም ቲኦው ያው ነው። ከዚህ ላይ በአብዛኛው ከ20 እስከ 40 በመቶ የሚሆነው በኮምፕ መልክ ይመለሳል።

በቁጥር እንየው። ስትሪፕ ላይ በፔኒ ስሎት ማሽን (ውርርዱ በአንድ ሳንቲም የሚቆጠር) በአንድ ምት 1 ዶላር እያስያዙ በሰዓት 600 ጊዜ ቢመቱ 600 ዶላር ተወራረዱ ማለት ነው። የኔቫዳ የቁማር ተቆጣጣሪ ቦርድ የሚያወጣቸው ሪፖርቶች እንደሚያሳዩት የስትሪፕ የፔኒ ማሽኖች ከተወራረደው ከ10 በመቶ በላይ ያስቀራሉ። በ10 በመቶ ብቻ ብናሰላው በሰዓት 60 ዶላር ይሄዳል። በሲዛርስ ሪዋርድስ (የሲዛርስ ካሲኖዎች የተጫዋች ካርድ) ደንብ ስሎት ላይ በየ5 ዶላሩ ውርርድ 1 ክሬዲት ይገኛል፤ 100 ክሬዲት ለምግብ ሲውል 1 ዶላር ነው። 60 ዶላር የሚያስከፍለው ሰዓት እንግዲህ 1 ዶላር ከ20 ሳንቲም ፖይንት ያስገኛል። የ25 ዶላር ምሳ በፖይንት ለመብላት 12,500 ዶላር መወራረድ ያስፈልጋል። ያ ወደ 21 ሰዓት ጨዋታና 1,250 ዶላር የሚጠበቅ ኪሳራ ነው።

ይህ ሰው ፖይንቱን ብቻ ተጠቅሞ ከወጣ ትልቁን ድርሻ ጥሎ ሄዷል። የ1,250 ዶላር ቲኦ 30 በመቶ 375 ዶላር ነው፤ ያ የሚገኘው በሆስት ጥያቄና በአፑ ላይ በሚመጡ ቅናሾች ነው እንጂ በካርዱ ቆጣሪ ላይ አይታይም። ግን 375 ዶላሩም ቢሆን የ1,250 ሲሶ እንኳ አይሞላም። ለምግብ ተብሎ የሚጨመር አንድ ሰዓት ጨዋታ በየትኛውም ቤት አያዋጣም። ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር የሚጠቅመው ምግብ ኖረም አልኖረም ሊጫወት ለወሰነ፣ የሚያጣውንም አስቀድሞ ለወሰነ ሰው ነው።

የጠረጴዛው ሕግ ከእራቱ ይበልጣል

ብዙ ሰው የቡፌ ዋጋ በ10 ዶላር ጨመረ ብሎ ይቆጣል፤ እዚያው ጠረጴዛው ላይ የሚወሰድበትን ግን አያይም። ያለፉት ሃያ ዓመታት ትልቁ የዋጋ ጭማሪ የተደረገው እዚያ ነው።

ብላክጃክን እንውሰድ። በድሮው ሕግ 25 ዶላር አስይዘው ብላክጃክ (በመጀመሪያዎቹ ሁለት ካርዶች 21) ሲመጣልዎ 37 ዶላር ከ50 ይከፈልዎታል፤ 3 ለ 2 የሚባለው ነው። በ6 ለ 5 ጠረጴዛ ግን 30 ዶላር ብቻ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም የቤቱን ብልጫ በ1.4 በመቶ ገደማ ያሳድጋል። መሠረታዊውን አጨዋወት በቃሉ የያዘ ሰው 25 ዶላር እያስያዘ በሰዓት 70 እጅ ለ4 ሰዓት ቢጫወት 7,000 ዶላር ይወራረዳል። በ3 ለ 2 ጠረጴዛ፣ በግማሽ በመቶ ብልጫ፣ የሚጠበቀው ኪሳራ 35 ዶላር ነው። በ6 ለ 5 ወደ 133 ዶላር ይደርሳል። ልዩነቱ 98 ዶላር፣ የስትሪፕ ትልቅ ቡፌ እራት ዋጋ ነው። ሕጉ ጠረጴዛው ጨርቅ ላይ ወይም ትንሿ ምልክት ላይ ተጽፏል፤ ሳይቀመጡ ያንብቡት።

ሩሌትም እንዲሁ። አንድ ዜሮ ያለው 2.70 በመቶ፣ ሁለት ዜሮ ያለው 5.26 በመቶ ያስቀራል። በ2016 በቬኒሺያን የታየውና ከዚያ በኋላ በስትሪፕ የተስፋፋው ባለ ሦስት ዜሮ ደግሞ 7.69 በመቶ። 15 ዶላር በሰዓት 40 ዙር ለ3 ሰዓት ቢጫወቱ 49፣ 95 ወይም 138 ዶላር ማለት ነው፤ ጎማው ሦስቱም ላይ አንድ ዓይነት ይመስላል።

ቪዲዮ ፖከር ላይ ምርጫው ይበልጥ ግልጽ ነው፤ ክፍያው ስክሪኑ ላይ ተጽፏልና። «ጃክስ ኦር ቤተር» በሚለው ጨዋታ በአንድ ሳንቲም ረድፍ የፉል ሃውስና የፍላሽ (ሁለት ዓይነት የካርድ ጥምረቶች) ክፍያ ይዩ። 9 እና 6 ከሆነ በትክክል ለሚጫወት ሰው 99.54 በመቶ ይመልሳል። 8 እና 5 ከሆነ 97.30፣ 6 እና 5 ከሆነ 95 በመቶ ገደማ። በእጅ 1 ዶላር ከ25 ሳንቲም (አምስት ባለ 25 ሳንቲም)፣ በሰዓት 600 እጅ፣ 750 ዶላር ነው፤ ኪሳራው በመጀመሪያው 3 ዶላር ተኩል፣ በሁለተኛው 20፣ በሦስተኛው 37 ዶላር ተኩል። ቁጥሩ የሚሠራው አምስቱንም ሳንቲም ካስያዙ ብቻ ነው፤ ከአምስት በታች ካስያዙ የሮያል ፍላሹ ክፍያ በጣም ይወርዳል።

ስትሪፕ

ስትሪፕ ላይ ምግቡ የሚያምረውን ያህል ለመካከለኛ ተጫዋች የሚመለሰው ያንሳል። ዋናው ምክንያት ብዙዎቹ ስመ ጥር ምግብ ቤቶች የካሲኖው አለመሆናቸው ነው፤ ቦታውን ተከራይተው ነው የሚሠሩት። ሆስቱ እዚያ ሲጋብዝዎ ካሲኖው ለተከራዩ እውነተኛ ገንዘብ ይከፍላል። በራሱ ካፌ ሲጋብዝዎ ግን የሚያወጣው የሽንኩርቱንና የሥጋውን ዋጋ ነው። ለዚህ ነው አንዱ ሆስት «ካፌው ላይ ምንም ችግር የለም» ብሎ ፎቅ ላይ ያለውን ስቴክ ቤት የሚከለክለው። ፖይንትዎም በአንዳንዶቹ ጭራሽ አይሠራም። ከመቀመጥዎ በፊት አስተናጋጁን «ቤቱ የካሲኖው ነው ወይስ ተከራይ? በፖይንት መክፈል ይቻላል?» ብለው ይጠይቁ፤ ሒሳብ መጥቶ ከመጨቃጨቅ ይሻላል።

ሌሎቹን ወጪዎች ይደምሩ። ኤምጂኤም በ2016 ስትሪፕ ላይ ለመኪና ማቆሚያ ማስከፈል ከጀመረ ወዲህ ሌሎችም ተከትለዋል። ሪዞርት ፊ፣ ሆቴሉ ከአልጋው ዋጋ ላይ የሚጨምረው የግዴታ ክፍያ፣ በትልልቆቹ ቤቶች በአዳር 50 ዶላር አካባቢ ነው። ከሜይ 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የፌዴራል ደንብ ክፍያው ገና ከመጀመሪያው ከአልጋው ዋጋ ጋር ተደምሮ መታየት አለበት፤ ክፍያው ግን አልቀረም። «ነጻ አልጋ» የሚል ቅናሽ ሲመጣልዎ ሪዞርት ፊው አብሮ መነሳቱን ያረጋግጡ። መጠጡም ድሮ እንደነበረው አይደለም። በብዙ የስትሪፕ ባር ባለው ቪዲዮ ፖከር ላይ ባርተንደሩ ነጻ መጠጥ የሚቀዳው ማሽኑ በቂ ተጫውተዋል ብሎ መብራት ሲያበራ ብቻ ነው፤ ማሽኖቹም አብዛኛውን ጊዜ ዝቅተኛ ክፍያ ያላቸው ናቸው።

ስትሪፕ የሚያዋጣው አማካይ ውርርዱ ከፍ ያለ፣ የራሱ ሆስት ላለው፣ አልጋም ለሚፈልግ ሰው ነው። በ1 ዶላር ምት ስሎት ለሚጫወት የከተማው ነዋሪ ከሦስቱ ደካማው ምርጫ ነው።

የሰፈር ካሲኖዎች

ስቴሽን ካሲኖስ (ሬድ ሮክ፣ ግሪን ቫሊ ራንች፣ ፓላስ ስቴሽን፣ በ2023 መጨረሻ የተከፈተው ዱራንጎ)፣ ቦይድ (ኦርሊንስ፣ ጎልድ ኮስት፣ ሳንኮስት፣ ሳምስ ታውን) እና ሳውዝ ፖይንት የሚኖሩት በከተማው ሰው ነው። ታክሲ ነድቶ፣ ሆቴል ውስጥ ሠርቶ ከሺፍት ሲወጣ ጎራ የሚለውን ሰው ማጣት አይፈልጉም። ስለዚህ መኪና ማቆሚያው በነጻ ነው፤ ማሽኖቹ ከውርርዱ የሚያስቀሩት ከስትሪፕ ያነሰ ነው፤ ጥሩ የቪዲዮ ፖከር ሠንጠረዥ የሚገኘውም በብዛት እዚህ ነው።

እነዚህም ግን ተለውጠዋል። ስቴሽን ቡፌዎቹን ሁሉ ዘግቶ ቦታውን ለፉድ ኮርትና ለኪራይ ምግብ ቤቶች አውሏል። በርካሽ ምግብ የሚታወቁትን ቴክሳስ ስቴሽንንና ሁለቱን ፊየስታዎች ደግሞ በ2022 ለዘለቄታው ዘግቷል። ሳውዝ ፖይንት ቡፌውን ይዞ ቆይቷል፤ በአዘቦት ቀን ዋጋው ከስትሪፕ ትልልቅ ቡፌዎች ግማሽ በታች ነው። ካርድ ላለው የምግብ ቅናሽ የሚሰጡ ካፌዎች አሁንም አሉ። ከስትሪፕ አንድ ብሎክ ገባ ብሎ ያለው ትንሹ ኤሊስ አይላንድ የሚታወቀው ዝርዝሩ ላይ በማይጻፍ የስቴክ እራት ነው፤ ካልጠየቁ አይመጣም።

የሰፈር ካሲኖ ትልቁ ጥቅም የፖይንት ማባዣ ቀን ነው። በተለመደው ቀን ለምሳሌ 0.1 በመቶ የሚመልስ ካርድ በአምስት እጥፍ ቀን 0.5 በመቶ ይመልሳል። ያን ቀን 9/6 ማሽን ላይ በትክክል ለሚጫወት ሰው ፖይንቱ የቤቱን ብልጫ ያቻችላል። ካሲኖዎቹም ይህን ስለሚያውቁ ብዙ ጊዜ ጥሩዎቹን የፖከር ማሽኖች ከማባዣው ያወጣሉ፤ ደንቡን አፑ ላይ እስከ መጨረሻው መስመር ያንብቡ።

ነዋሪው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ነው። አብዛኛው ቤት ቅናሽ የሚልከው በጠቅላላ ጨዋታዎ ሳይሆን በቀን አማካይ ቲኦ ነው። ሦስት ቀን እየመጡ በቀን 300 ቲኦ ቢኖርዎ አማካይዎ 300 ነው። ከዚያ ሁለት ቀን ለስጦታ ወይም ለነጻ ሳንድዊች ጎራ ብለው ካርድ ሰክተው በጥቂት ደቂቃ 10፣ 10 ቲኦ ብቻ ቢጨምሩ አማካይዎ ወደ 184 ይወርዳል። በሚቀጥለው ወር አፑ ላይ የሚመጣው የእራት ቫውቸር ያንሳል፤ ሰውየውም ቤቱ ያለ ምክንያት ከዳኝ ይላል። ለመብላት ብቻ ከመጡ ካርዱን ማሽን ውስጥ አይስኩት።

ዳውንታውን

ዳውንታውን፣ ማለትም በፍሪሞንት ጎዳና ያለው የድሮው የከተማው መሀል፣ በጥቅሙ ከሁለቱ መካከል ነው። ቦይድ እዚያ ሦስት ቤቶች አሉት፦ ካሊፎርኒያ፣ ፍሪሞንት እና ሜይን ስትሪት ስቴሽን። በሰፈር ቤቶቹ ያጠራቀሙት ፖይንት እዚያም ይሠራል፤ ካርድ ለመበታተን ለማይፈልግ ሰው ይህ ቁም ነገር ነው። ኤል ኮርቴዝ በአንድ ጥቅል ካርታ የሚጫወት 3 ለ 2 ብላክጃክ በመያዙ የታወቀ ነው። ካሊፎርኒያ ከሃዋይ የሚመጡ ደንበኞችን ለአሥርተ ዓመታት ስላስተናገደ የሌሊቱ የበሬ ጅራት ሾርባው ስም አውጥቷል፤ ሌሊት ለሚሠራ ሰው ትኩስና ጠንካራ ምግብ ነው። የዳውንታውን ጉድለት መኪና ማቆሚያው ነው። አንዳንዱ ቤት ትኬቱን ማስመታት ይጠይቃል፤ ረስተው ከወጡ የቆጠቡትን እዚያው ይከፍሉታል።

ቡፌ፣ ፉድ ሆል ወይስ ካፌ?

ስትሪፕ ላይ የቀሩት ትልልቅ ቡፌዎች፣ የሲዛርስ ባካናል፣ የዊን፣ የቤላጂዮ እና የኮስሞፖሊታን ዊክድ ስፑን፣ አሁን የጥጋብ ቦታ ሳይሆኑ የድግስ ቦታ ናቸው። የባካናል እራት ከ80 ዶላር በላይ ነው፤ ግብርና ጉርሻ ሲጨመር 100 ያልፋል። ያ ዋጋ የሚቆመው በሸርጣኑ፣ በሽሪምፑና በፕራይም ሪቡ ላይ ነው። ሩዙ፣ ፓስታውና ኬኩ ለቤቱ እዚህ ግባ የማይባል ወጪ ነው።

ይህ ለእኛ ሰው ትልቅ ትርጉም አለው። ሃይማኖቱን አጥብቆ የሚይዝ ኦርቶዶክስ ሸርጣንና ሽሪምፕ በፍስክም አይበላም፤ ረቡዕና ዓርብ ወይም በሁዳዴ ደግሞ ሥጋውም ወተቱም ይቀራል። ሐላል የሚጠብቅ ሙስሊምም ከሥጋው ጠረጴዛ ብዙውን ይተወዋል። ሁለቱም 80 ዶላር ከፍለው ከውዱ ምግብ ብዙውን አይነኩትም፤ ጾመኛውማ የሚበላው አትክልት፣ ዳቦና ፍራፍሬ ይሆናል፤ የሌላውን ሰው ሳህን እየከፈሉ ነው። ቡፌ ቫውቸር ከመጣልዎ «በካፌ ይቀየርልኛል?» ብለው ሆስቱን ይጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ይቻላል። ካልተቻለ በፍስክ ቀን ይያዙት። በያይነቱ በሳህን ጢም ብሎ የሚቀርብባቸው የሐበሻ ምግብ ቤቶች፣ ክላርክ ካውንቲ በ2023 ትንሿ ኢትዮጵያ ብሎ በሰየመው አካባቢ ጭምር፣ ከማንኛውም የጾም ቀን ቡፌ የተሻለ ዋጋና የተሻለ ምግብ ይሰጣሉ።

ፉድ ሆል፣ በአሪያ በ2022 መጨረሻ በቡፌው ቦታ የተከፈተው ፕሮፐር ኢትስ ዓይነቱ፣ በሳህን ይከፈልበታል። ትንሽ ለሚበላ ሰው ከቡፌ ይረክሳል። ለቤተሰብ ግን ተጠንቀቁ፤ አንድ ዋና ምግብ፣ ድንችና መጠጥ ለአንድ ሰው 30 ዶላር ሲጠጋ አራት ሰው 120 ነው። በዚያ ዋጋ የሰፈር ካሲኖ ካፌ ጠግበው ተነስተው የሚተርፍ ጠቅልለው ይሄዳሉ።

ኮምፑን አለማጣት

ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ ገንዘብ ከመቀየርዎ በፊት ካርድዎን ለዲለሩ ይስጡ፤ ተቆጣጣሪው የሚመዘግበው ከዚያ በኋላ ያየውን ነው። አማካይ ውርርድዎ በብዛት የሚገመተው ከመጀመሪያዎቹ እጆች ስለሆነ ከፍ ለማድረግ ካሰቡ መጀመሪያ ላይ ይሁን እንጂ መጨረሻ ላይ አይሁን። ሲነሱ «በስንት ነው የተመዘገብኩት?» ማለት ነውር የለውም፤ ስህተት ከሆነ የሚታረመው እዚያው ነው።

ሆቴል ካደሩ ምግቡን ሁሉ በክፍልዎ ሒሳብ ያስጽፉ። ከመውጣትዎ በፊት ባለው ምሽት ሆስቱ ጋ ደውለው ሒሳቡን እንዲያይልዎ ይጠይቁ። ጠዋት ሻንጣ ይዘው ፊት ለፊት ከቆሙ ሰልፍ አለ፤ ሆስቱም ገና ሥራ ላይ አልገባም። አስቀድመው በጥሬ ገንዘብ የከፈሉት ምግብ ተመላሽ አይደረግም። ፖይንቱንም ቀን ይያዙለት፤ ሲዛርስ ላይ ለስድስት ወር ካርዱ ካልተንቀሳቀሰ የተጠራቀመው ይጠፋል።

ኮምፕ የሚሸፍነው ምግቡን ነው፤ የአስተናጋጇን ጉርሻ አይሸፍንም። በክላርክ ካውንቲ የሽያጭ ግብሩ 8.375 በመቶ ነው፤ ቫውቸሩ ግብሩን ያካትት እንደሆነ ጀርባው ላይ ተጽፏል። ጉርሻው የሚሰላው ቅናሹ ከመነሳቱ በፊት ካለው ድምር ነው። የ60 ዶላር እራት ደረሰኝ «0.00» ብሎ ቢመጣም 12 ዶላር በጥሬው ጠረጴዛ ላይ ይተዉ፤ አልኮል አዝዘው ከሆነም ብዙ ቫውቸር ስለማይሸፍነው ለብቻው ይመጣል።